«ለስላሳ ነው» የተባለው ባሕር

ካፒቴን ሴፋስ ኤሊስ ዓይናቸው መድከም ከጀመረ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ይህን ከራሳቸው በቀር የሚያውቅ ሰው የለም ብለው ያምኑ ነበር። ነገሩ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ የሰው ፊት ደበዘዘባቸው፤ ጆሮውንና ኮፍያውን ያያሉ፣ አፍንጫውና አፉ ያለበት ቦታ ግን ጭጋግ ነው። ቀጥሎ ፊደል ጠፋ። በመጨረሻ የሚያዩት ነገር ሁሉ ዳር ዳሩ ደህና ሆኖ መሀሉን ብል እንደበላው ጨርቅ ሆነ።

ሰውን በድምፁና በአረማመዱ መለየት ለመዱ። ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሲዘመር መጽሐፉን ገልጠው ይይዛሉ፤ መዝሙሮቹን ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው ስለሚያውቋቸው ማንም አልነቃባቸውም። ወረቀት የሚሰጣቸው ሰው ካለ መነጽራቸውን ቤት እንደረሱ ይናገሩና ያስነብባሉ። ዋና ከተማው ናሶ ሄደው ሐኪም ማየት ይችሉ ነበር። ግን ቢሚኒ ትንሽ ደሴት ናት፤ የዓይን ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው ገና ሳይመለስ ወሬው ወደቡ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። እሳቸው ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዓሣ አጥማጁም፣ ነጋዴውም፣ ፓስተሩም ሳይቀር «ካፒቴን፣ ባሕሩ ዛሬ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቃቸው ሰው ነበሩ። «እንጃ፣ አይታየኝም» ብለው የሚመልሱበትን ቀን ማሰብ አይወዱም።

ዊሎዲን የምትባል ባለ አንድ ምሰሶ የእንጨት ጀልባ አለቻቸው፤ ስሙ የሟች ሚስታቸው ነው። ካረጁ ወዲህ ጀልባዋን የያዙት ሴት ልጃቸው ዴሊሳና ባሏ ኪርክላንድ ናቸው። ኪርክላንድ አንድሮስ የምትባል የሌላ ደሴት ሰው ነው። ያደገው ጉልበት በማያልፍ ውሃ ውስጥ ስፖንጅ ሲለቅም ነው፤ ቢሚኒ የመጣው ለአንድ ሆቴል የኤሌክትሪክ መስመር ሊዘረጋ ሲሆን፣ ዴሊሳን አገባና በዚያው ቀረ። የካፒቴኑ ዓይን በደከመበት በዚያው ዓመት የዊሎዲንን ሆድ የባሕር ትል በላው። ደሴቲቱ ላይ ጀልባ እየተጎተተ የሚጠገንበትን ቦታ ማዕበል ካፈረሰው ወዲህ፣ ያለው አማራጭ ማያሚ ወስዶ ማሠራት ነበር። በመሀል ደግሞ ወንዙ አለ።

ወንዙ የሚሉት በቢሚኒና በፍሎሪዳ መካከል፣ ውቅያኖሱ ውስጥ፣ ወደ ሰሜን የሚነጉደውን ሞቃት ጎርፍ ነው። ዳርቻ የለውም፤ ድምፅም የለውም። ከላይ ሲያዩት ከሌላው ባሕር የሚለየው ጠቆር ባለው ሰማያዊ ቀለሙ ብቻ ነው። ጉልበቱን የሚያውቀው የገባበት ሰው ነው።

ኪርክላንድ ወንዙን ተሻግሮ አያውቅም። ስለዚህ አንድ እሑድ፣ የምሳው ሩዝና አተር ከተነሣ በኋላ፣ የባሕር ካርታው ካፒቴኑ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋና ጉዞው መታቀድ ጀመረ። ካፒቴኑ ደስ ብሏቸው ነበር። እንዲህ የተደመጡበት ቀን ካለፈ ቆይቷል።

«ማያሚ ከዚህ ቀጥታ ወደ ምዕራብ ናት» አሉ። «ኮምፓስህን ምዕራብ ላይ አድርገህ ቀጥ ብትል የት ትደርሳለህ?»

«ማያሚ ነዋ» አለ ኪርክላንድ።

«ማያሚን በሩቁ ሰላም እያልካት ታልፋለህ። አንተ ወደ ምዕራብ ስትሄድ ወንዙ ቀኑን ሙሉ ወደ ሰሜን ሲወስድህ ይውላል። እራትህን ከማያሚ በስተሰሜን፣ ፎርት ላውደርዴል ትበላለህ።»

«አክስቴ ቨርና እዚያ ስለሆነች እራቱ እንኳ አይቸግርም» አለች ዴሊሳ፤ ሦስቱም ሳቁ።

ካፒቴኑ ቀጠሉ። የሞላ ወንዝ የሚሻገር ሰው ከሚወጣበት ቦታ በላይ ራቅ ብሎ እንደሚገባው ሁሉ፣ የጀልባዋም አፍንጫ ከማያሚ በብዙ ወደ ደቡብ መዞር እንዳለበት፣ ያን ጊዜ ወንዙ እየገፋ ራሱ ማያሚ በር ላይ እንደሚያደርሳቸው አስረዱ። ነፋሱ ከምሥራቅ ወይም ከደቡብ ከሆነ ወንዙ እንደ ሰጋር በቅሎ ይጋለባል። ከሰሜን ከመጣ ግን ወንዙና ነፋሱ ፊት ለፊት ይጋጫሉ፤ ውሃው ግድግዳ ሆኖ ይቆማል። እንዲህ ባለው ቀን የገቡ ትልልቅ ጀልባዎች ምን ሆነው እንደተመለሱ፣ ያልተመለሱም እንዳሉ ተናገሩ።

ኪርክላንድ ነፋሱን ስልኩ ላይ አያለሁ አለ።

«ስልክህን እያት፤ ግን አትመናት። ሊነጋ ሲል ምዕራቡ ዳርቻ ላይ ቆመህ አድማሱን ተመልከት። በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ካለ ሂድ። ጉብ ጉብ ካለ ዝሆን የምንላቸው ትልልቅ ማዕበሎች ወጥተዋል ማለት ነው፤ ቤትህ ገብተህ ተኛ።»

«ዝሆን አይቼ ስለማላውቅ እርስዎ ያዩልናል» አለ ኪርክላንድ እየሳቀ።

ያኔ መናገር ይችሉ ነበር። በሩ ተከፍቶላቸው ነበር ማለት ይቻላል። እሳቸው ግን ጭራሽ አዋቂነታቸውን ለማሳየት ጣታቸውን ካርታው ላይ አሳርፈው «ወንዙ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው» አሉ። ኪርክላንድ ጉሮሮውን ጠረገና ጣታቸው ያረፈው በተቃራኒው፣ በምሥራቅ በኩል ናሶ ላይ መሆኑን በትሕትና ነገራቸው። የካፒቴኑ ፊት እስከ ጆሯቸው ድረስ ጋለ። ካርታውን ማን ገልብጦ እንዳስቀመጠው ጠየቁ፤ ያስቀመጠችው ዴሊሳ ነበረች። ካርታው አልተገለበጠም ነበር። ዴሊሳ ግን «ይቅርታ አባዬ፣ እኔ ነኝ» ብላ እንደማዞር አደረገችው። እሳቸውም ነገሩ በዚያ ያለፈ መሰላቸው።

ሦስቱም አብረው ሊሄዱ ጉዞው ለሐሙስ ተቀጠረ። ረቡዕ ማታ ግን ብርድ ያዘለ የሰሜን ነፋስ መጣና ለቀናት አልቆም አለ። የማያሚው ጠጋኝ ቦታ የያዘላቸው ለጥቂት ቀናት ብቻ ስለነበር ኪርክላንድ በየሰዓቱ ስልኩን ያያል። ካፒቴኑ ደግሞ በየቀኑ ኤዝራ ሂንዚ ኮንክ ከሚባለው የባሕር ቀንድ አውጣ የተሠራ ሰላጣ የሚሸጥባት ጎጆ ሄደው ይቀመጣሉ። ኤዝራ ድሮ ዊሎዲን ላይ ለብዙ ዓመት ሠርቶላቸዋል፤ አሁን ቀንድ አውጣውን ከቅርፊቱ እያወጣ፣ ሎሚ እየጨመቀበትና ቃሪያ እየጨመረበት፣ በምላሱ ደሴቲቱን ሁሉ እየላጠ ይኖራል።

«ካፒቴን፣ ዛሬም እዚሁ ነዎት?» ይላቸዋል ሰው በተሰበሰበበት። «ድሮ እኮ ነፋሱ ነበር እርስዎን የሚጠብቀው። ለአማችዎ ፈርተው ነው ወይስ ለራስዎ?»

ሰዉ ይስቃል። ካፒቴኑም ይስቃሉ። ቀልዱ የኤዝራ የዘወትር ቀልድ ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን አይሰማቸውም ነበር። አሁን ግን እያንዳንዷ ቃል ሄዳ የምታርፈው ደብቀው በያዙት ቦታ ላይ ሆነች። በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት መጥታ ትከሻቸውን ነካ ስታደርጋቸው የፓስተሩ ሚስት መስላቸው ጤና ጠየቋት። ሴትዮዋ ግን በእቅፋቸው ያደገች የገዛ ወንድማቸው ልጅ ነበረች። ልጅቷ ሳቀች፣ ኤዝራም «ካፒቴን ዘመድ ረሱ» አለ። እሳቸው ሰላጣውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ሄዱ።

በማግሥቱ ማታ ወደብ ውስጥ ነፋሱ ጸጥ አለ። የኪርክላንድ ስልክ እስከ ጠዋት ድረስ ዞሮ ከምሥራቅ ይነፍሳል አለች። ሊነጋጋ ሲል ሦስቱም ምዕራቡ ዳርቻ ላይ ቆሙ፤ ካፒቴኑ በመሀል፣ ልጃቸው በግራ፣ አማቻቸው በቀኝ።

ካፒቴኑ ወደ አድማሱ ቀና ብለው አዩ። የታያቸው ከታች ግራጫ፣ ከላይ ነጣ ያለ ግራጫ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ፣ ዋናው ነገር ባለበት ቦታ ላይ፣ ያ ብል የበላው ቀዳዳ አለ። ራሳቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው በዳር ዓይናቸው ሊያዩት ሞከሩ፤ አሁንም ግራጫ። ጆሯቸውን ሰጡ፤ የሚሰማው አሸዋው ላይ የሚያርፈው ትንሽ ማዕበል ብቻ ነው። ከሩቅ የሚደረገውን ጆሮ አይሰማም።

ሁለቱም እየጠበቋቸው ነበር። ከኋላ መንገድ ላይ ዓሣ ሊያጠምዱ የሚወጡ ሰዎች ቆመው እንደሚያዩዋቸውም ያውቃሉ። ካፒቴን ሴፋስ ኤሊስን የሰዉ ዝምታ ጀርባቸው ላይ ከበዳቸው።

«ለስላሳ ነው» አሉ። «እንሂድ።»

ዴሊሳ ወዲያው አልተንቀሳቀሰችም። አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር። ከዚያ ግን ጎንበስ ብላ ቦርሳዋን አነሣች።

መጀመሪያ ላይ ባሕሩ እውነትም ለስላሳ ነበር። ደሴቲቱ ነፋሱን ከልላላቸው ጀልባዋ በደንብ ተንሸራተተች፤ ኪርክላንድ ዳቦ ቆርሶ አደላቸው። ካፒቴኑ መሪውን ይዘው ኮምፓሱን ዴሊሳ እያነበበችላቸው አፍንጫዋን ወደ ደቡብ አዞሩ። ምናልባት እውነት ተናግሬ ይሆናል ብለው ማሰብ ጀምረው ነበር። ከዚያ የደሴቲቱ ከለላ አለቀና የሰሜኑ ነፋስ አንገታቸው ሥር ገባ። ያልሞተ ነፋስ ነበር፤ ወደብ ውስጥ ብቻ ነው የጠፋው።

የመጀመሪያዋ ማዕበል ስትመጣ እግራቸው ነው የነገራቸው። ጀልባዋ ወደ ላይ ወጣች፣ ወጣች፣ ከዚያ ከሥሯ ውሃው ጠፋና እንደ ድንጋይ ወደቀች። ምሰሶው ከሥሩ ጮኸ። ሁለተኛዋ ከመጀመሪያዋ ጀርባ ወዲያው ነበረች፤ በሁለቱ መካከል መተንፈሻ የለም። ኪርክላንድ የምግቡን ዕቃ ለመያዝ ወደ ጀልባዋ ጓዳ በር እጁን ሲዘረጋ ጀልባዋ ተጠማዘዘችና በትከሻው የበሩ ጠርዝ ላይ ተወረወረ። አጥንቱ ሲሰበር ካፒቴኑ በጆሯቸው ሰሙት።

«ዴሊሳ፣ ሸራውን አሳጥሪው» አሉ። አሳጠረችው። ከዚያ መጥታ ከጎናቸው ቁጭ አለችና፣ ሳይጠይቋት፣ ማዕበሎቹን ትነግራቸው ጀመር።

«ከቀኝ ትልቅ። አሁን ትንሽ። ሌላ ከቀኝ፤ ትሰበራለች።»

እሷ ትናገራለች፣ እሳቸው በመሪው ይመልሳሉ። እጃቸው ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሚያውቀውን ሥራ አልረሳም፤ የጎደለውን እሷ ሞላችው። ጀልባዋን ለመመለስ በሁለት ማዕበሎች መሀል ክፍተት ያስፈልግ ነበር። ክፍተቱ ሳይገኝ ብዙ ቆየ፤ ኪርክላንድ ወለሉ ላይ ተኝቶ ያስታውክ ነበር። በመጨረሻ ዴሊሳ «አሁን» አለች። ካፒቴኑ መሪውን ባላቸው ጉልበት ሁሉ ገፉት፤ ዊሎዲን ዞረች። ወንዙ ቀድሞ ወደ ሰሜን ወስዷቸው ስለነበር ወደ ደሴቲቱ ሲጠጉ የተገኙት ከቤታቸው ርቀው ነው። የባሕሩን ዳር ይዘው፣ ውሃ በባልዲ እየቀዱ እየደፉ ወደ ታች ወረዱ።

ወደቡ ላይ ሰው ተሰብስቦ ነበር። እነሱ ከሄዱ በኋላ ኤዝራ ዳርቻው ላይ ወጥቶ ዝሆኖቹን አይቶ ኖሮ ደሴቲቱን ቀስቅሷል። ኪርክላንድን አቅፈው አወረዱት፤ ነርሷ ትከሻውን አሰረችለት። ካፒቴኑም ሲወርዱ ሰዉ እጃቸውን ይጨብጥ ጀመር።

«ከወጣችሁ በኋላ ነው የተነሣው አይደል?» አለ አንዱ።

«ከወጡ በኋላ ነው እንጂ፣ ካፒቴን ሴፋስ እንዲህ ያለ ባሕር አይተው ይወጣሉ?» አለ ኤዝራ። «ከዚህ ባሕር ጀልባ መልሶ የሚያመጣ ሌላ ሰው የለም። ሰሞኑን የተናገርኩትን ሁሉ መልሼ በላሁት።»

ውሸቱን እሳቸው አልተናገሩትም። ሰዉ ራሱ ሠርቶ፣ አሳምሮ አቀረበላቸው። የቀረላቸው ዝም ማለት ብቻ ነበር፤ ዝም አሉ።

ከዚያ የመጡት ቀናት ክፉ ቀናት ነበሩ። በየሄዱበት መቀመጫ ይለቀቅላቸዋል። ኤዝራ ሰላጣውን በነፃ ያቀርብላቸዋል፤ ሲዋጡት እንደ አሸዋ ይሆንባቸዋል። ፓስተሩ መጥቶ በሚቀጥለው እሑድ የምስጋና ጸሎት እንደሚደረግና እሳቸው ተነሥተው ለጉባኤው እንደሚታዩ ነገራቸው። ከሁሉ የባሰው ኪርክላንድ ነበር። ሊጠይቁት በሄዱ ቁጥር በደህናው እጁ እጃቸውን ይዞ «ካፒቴን፣ እርስዎ ባይኖሩ ሞቼ ነበር» ይላቸዋል። ፊቱ አይታያቸውም፤ ድምፁ ውስጥ ያለው እውነት ግን ይሰማቸዋል። ቤታቸው ገብተው ሲቀመጡ ያ የአጥንት ስብራት ድምፅ ይመጣባቸዋል፤ ራሳቸውን ይይዛሉ።

ስለ ዴሊሳም ማሰብ ጀመሩ። ማዕበሎቹን ለምን ነገረቻቸው? ማንም ጠይቋት አልነበረም።

ቅዳሜ ዕለት ልጃቸው ቤት ሄዱ። ኪርክላንድ የተቀቀለ ዓሣ በማንኪያ እየበላ ነበር፤ እንዲቀመጡ ነገራቸው። አልተቀመጡም።

«ኪርክላንድ፣ ያን ጠዋት አድማሱን አላየሁትም» አሉ።

ኪርክላንድ አልገባውም። «እንዴት አላዩትም? አብረን ቆመን አልነበር?»

«ቆሜ ነበር። ዓይኔ ግን አያይም። አሁንም አንተን አላይህም፤ የማየው ወንበሩን ነው። ከዓመት በላይ ሆነኝ። ለስላሳ ነው ያልኩት ዝም ብዬ ነው።»

ማንኪያው ሳህኑ ላይ ሲያርፍ ተሰማቸው።

«እኔ እኮ ዝሆኖቹን አይቻቸው ነበር» አለ ኪርክላንድ። «ጉብ ጉብ የሚል ነገር አይቻለሁ። ግን ካፒቴን ሴፋስ ለስላሳ ነው ካሉ፣ እንግዲህ እዚህ አገር ለስላሳ ማለት እንዲህ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ‹ምን ይታይሃል?› ብለው ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር። ዓይን ያለው ሰው አጠገብዎ ቆሞ ነበር።»

«አፈርኩ» አሉ ካፒቴኑ።

«እኔም አይቻለሁ» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። ዴሊሳ ናት። «ዝሆኖቹን በደንብ አውቃቸዋለሁ፤ በልጅነቴ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ያሳየኝ አባዬ ነው። ዓይኑ እንደደከመም ካወቅኩ ቆይቻለሁ። ሰው ፊት ላሳፍረው አልፈለግኩም።»

ኪርክላንድ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ወንበሩ ጮኸ።

«ስለዚህ የእኔ አጥንት የተሰበረው እሳቸው እንዳያፍሩ ነው» አለ።

ጮኾ አልነበረም የተናገረው። ተነሥቶ ሳህኑን በአንድ እጁ አንሥቶ ወጥ ቤት አስቀመጠና ወጣ። አባትና ልጅ ክፍሉ ውስጥ ቀሩ። አንዱ የአንዱን ፊት ለማየት አልደፈረም፤ ካፒቴኑ ያኔ አለማየታቸው ጠቀማቸው። ዴሊሳ ታለቅስ ነበር። ሊያጽናኗት እጃቸውን ዘረጉ፤ ግን በምን መብታቸው እንደሚያጽናኗት ግራ ገባቸውና እጃቸውን መለሱት።

ከዚያ በቀጥታ የሄዱት ወደ ኤዝራ ጎጆ ነው። ምስጋናው በሰው ፊት ስለነበረ ይህም በሰው ፊት መሆን አለበት ብለው ቆርጠዋል። ሰው ሞልቶ ነበር፤ ቅዳሜ ነው። ቆመው ተናገሩ፤ አጭር ነበር። ማዕበሎቹን የነገረቻቸው ልጃቸው መሆኗንም አልደበቁም። ሲጨርሱ ኤዝራ የሆነ ነገር እንዲላቸው፣ እንዲያሾፍባቸው፣ ቢሻው እንዲሰድባቸው ጠበቁ። ኤዝራ ቢላዋውን በጨርቅ እየጠረገ «እሺ ካፒቴን» ብቻ አለ። ሰዎቹም አንድ በአንድ ሥራ እንዳለበት ሰው ተነሥተው ሄዱ።

የምስጋናው ጸሎት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሰዎች ወደ ካፒቴኑ ሲጠጉ ቀድመው ስማቸውን ይናገሩ ጀመር። «ካፒቴን፣ ሮናልድ ነኝ» ይላል አንዱ ገና ከሩቁ። አንዳንዱ ጆሯቸውም የደከመ ይመስል ይጮኻል። በደግነት እንደሆነ ያውቃሉ። ሆኖም በእያንዳንዱ ስም ፊታቸው ይግላል። ናሶም ሄዱ፤ ሐኪሙ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን ለማቆየት እንደሚሞከር ነገራቸው። ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን ኖሮ ብሎ ጀምሮ ተወው።

ኪርክላንድ አጥንቱ እስኪገጥም ድረስ ቤታቸው አልመጣም። ሚስቱንም ለሳምንታት የሚያናግራት ስለ ጨውና ስለ ቁልፍ ብቻ እንደነበር ዴሊሳ ነገረቻቸው። ጀልባዋ ግን ውሃ እየጠጣች ነው፤ ትሉ እርቅ አይጠብቅም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ካፒቴኑ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው የሚያውቁትን አረማመድ ሰሙ። ስሙን አልተናገረም።

«ካርታው የት ነው?» አለ ኪርክላንድ።

አብረው ጠረጴዛው ጋ ተቀመጡ። ኪርክላንድ በመጀመሪያ ያስታወቃቸው እሳቸው እንደማይሄዱ ነው፤ በቦታቸው ኤዝራ እንደሚሄድ ተነጋግረዋል። ካፒቴኑ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጥያቄው መጣ፤ እንደ ዳኛ ነበር የሚጠይቃቸው። ወንዙ መሀል ላይ ይፈጥናል ወይስ ዳር ላይ? ነፋሱ መንገድ ላይ ቢዞር ወዴት ይሸሻሉ? ከማያሚ ምን ያህል ወደ ደቡብ ያነጣጥሩ? አንዳንዱን ሁለት ጊዜ ጠየቀ፤ መልሱ ተመሳሳይ መሆኑን ሊያረጋግጥ መሰለ። ካፒቴኑ የሚያውቁትን መለሱ፤ ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ «ይህን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ኤዝራን ጠይቀው» አሉ። ይህን ሲሉ ላብ አጠመቃቸው። ኪርክላንድ ጻፈና ተነሣ። ሻይ አልጠጣም።

በሄዱበት ጠዋት ካፒቴኑን ወደ ዳርቻው የጠራቸው የለም፤ እሳቸውም አልሄዱም። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነፋሱን በመስኮቱ አዳመጡ። ከደቡብ ምሥራቅ ነበር፤ ሞቅ ያለና ያልተጣደፈ። ከዚያ በኋላ ቀኑ አላልቅ አላቸው። ሬዲዮ ከፈቱ፣ ዘጉ። ምሳ አልበሉም። ልጃቸው ወንዙ ላይ ናት፤ እሳቸው በጣታቸው እንኳ ሊያሳዩ በማይችሉት መንገድ ልከዋታል።

ስልኩ የጮኸው ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ነው። ዴሊሳ መስላቸው ነበር። ኪርክላንድ ሆነ።

«ደርሰናል» አለ። «ሁላችንም ደህና ነን።»

ካፒቴኑ እግዚአብሔርን አመሰገኑ።

«ግን ወደ ደቡብ አብዝተውታል» ሲል ቀጠለ ኪርክላንድ። «ወንዙ ዛሬ ሰነፍ ነበር። ከማያሚ በብዙ ወደ ታች ወረድን፤ ከዚያ ዳሩን ይዘን ወደ ላይ ስንወጣ ዋልን። ኤዝራ ሲሳደብ ነው የዋለው።»

«ነፋሱ ባሕሩ ላይ በርትቶ ነበር?» አሉ ካፒቴኑ። « ጀልባዋ ስትፈጥን ወንዙ ውስጥ የምትቆይበት ጊዜ ያጥራል፤ ያን አልነገርኩህም።»

«አዎ፣ ፈጥናለች። ስንመለስ ግን ነፋሱ ከፊታችን ስለሚሆን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው አይደል? እንደገና እናስላው።»

ስለዚያ ትንሽ ተነጋገሩ። ካፒቴኑ ስለ ትከሻው ጠየቁት። ያመኛል አለ፤ ሌላ አልጨመረበትም። ከዚያ ዴሊሳን ሰጣቸውና እሷ ስለ ጀልባ ጠጋኙና ከፎርት ላውደርዴል ልትቀበላቸው ስለመጣችው አክስቷ ምግብ አወራቻቸው።

ስልኩን ዘግተው ወደ በራፋቸው ወጡ። ሚስ ፐርሊን የምትባል ጎረቤታቸው በአጥሩ ማዶ ልብስ ታሰጣ ነበር። ስሟን ተናገረችና ልጆቹ ደርሰው እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ደርሰዋል፣ ተመስገን» አሉ ካፒቴን ሴፋስ። ወደ ቤት ሊገቡ ዞረው ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም፤ ግን ቆሙና ጨመሩ። «የሰጠኋቸው መንገድ ትንሽ ተሳስቶ ነበር። እነሱ ናቸው ያስተካከሉት።»

ጆሯቸው እንደ ወትሮው ጋለ። ሚስ ፐርሊን የቀረውን ልብስ እያራገፈች፣ ያም ሆኖ መድረሳቸው ትልቅ ነገር ነው አለችና ምሳ በልተው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አልበላሁም አሏት።